ጻፍ የምትለው ትእዛዝ

ወንድሜ አጥናፉ ቋንቋ ሠራ ስላችሁ እንዳትስቁ። ሰው የሚናገረውን አይደለም፤ ኮምፒውተር የሚታዘዝበትን ነው። አዲሱ ገበያ አካባቢ ባለ የግል ትምህርት ቤት ኮምፒውተር ያስተምራል፤ ልጆቹ በእንግሊዝኛው ግራ ሲጋቡ ቢያይ ጊዜ፣ በአማርኛ እሠራላችኋለሁ ብሎ ተነሳ። ሚስት አግባ ሲሉት «መጀመሪያ የፋይሉን ነገር ልጨርስ» የሚል ሰው ነው፣ በቃ።

ቁስቋም ባለው ቤታችን ሳህን ሳጥብ እንኳ አያስቀምጠኝም።

«ትሕትና፣ የሌለ ፋይል ክፈት ቢባል ምን ይበል?»

«የለም ይበላ! ሊያለቅስ ነው?»

ይስቅና እንዳልኩት ያደርገዋል። ክፈት፣ አንብብ፣ ጻፍ፣ ዝጋ፤ ትእዛዞቹ እነዚህ ነበሩ። ጻፍ ላይ ሲደርስ ግን አባባን ጠየቃቸው። አባባ ዕድሜያቸውን ብራና ላይ የጨረሱ ቁም ጸሐፊ ነበሩ። «በተጻፈ ላይ ሌላ ሲጻፍ ምን ይደረጋል?» ቢላቸው፣ «ጽሑፍ በጽሑፍ ላይ አይደረብም ልጄ፤ የፊተኛው ይፋቃል፣ ከዚያ ይጻፋል» አሉት። ደስ አለው። ጻፍ ሲባል ፋይሉ ውስጥ ያለው መጀመሪያ እንዲጠፋ አድርጎ ሠራው። ከነበረው ላይ ቀጥል የሚለውን ትእዛዝ ኋላ እጨምራለሁ ብሎ ተወው።

ከዚያ አባባ ጉሮሯቸውን ታመሙ። ሐኪሙ ድምፃቸው ሊዘጋ ይችላል ሲለን፣ እግራቸው ላይ ወድቄ ስለ እናቴ ይንገሩኝ አልኳቸው። እናታችን የዓለምወርቅ ያረፈችው እኔን ስትወልድ ነው፤ አጥናፉም ያኔ ሕፃን ነበር። ስሟ ሲነሳ አባባ ስለሚያለቅሱ ዘመድ እንኳ ደፍሮ አያነሳም። ፎቶ የላትም። እንዴት እንደምትስቅ እንኳ አላውቅም።

«ሰው እያየኝ አልችልም» አሉ አባባ። «ብቻዬን ልናገርና ይቀዳ። እኔ ካለፍኩ ትሰሚዋለሽ።»

አጥናፉ በየጠዋቱ መቅጃውን ያስጀምርላቸውና ይወጣል። መቅጃው ምን ነበር? በራሱ ቋንቋ የጻፈው ፕሮግራም! የቋንቋዬ የመጀመሪያ ቁም ነገር ይሄ ይሁን አለ። የየቀኑ ንግግር አንድ ፋይል ውስጥ ይጠራቀማል ብሎ ነው። ሲጨርሱ ይከፍተዋል፤ የአባባ ድምፅ መኖሩን ሰምቶ ተመስገን ይልና ይዘጋዋል። ለትሕትና የተባለ ነው ብሎ ከዚያ በላይ አያዳምጥም።

አባባ አረፉ። በሠልስቱ፣ ለቀስተኛው ሳሳ ሲል፣ ጓዳ ገብተን ኮምፒውተሩን ከፈተልኝ። ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ ቁጭ አልኩ። ተጀመረ፣ ወዲያው አለቀ። አጥናፉ ከመጀመሪያው ልጀምርልሽ ብሎ መለሰው፤ ያው ነው። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ጻፍ ነው ያልኩት» አለኝ። «በየቀኑ ጻፍ ስለው የትናንቱን እየጠረገው... ትሕትናዬ...»

«እጅህ ይቆረጥ!» አልኩት። ለቀስተኛው ለአባባ መስሎት አብሮኝ አለቀሰ።

ዓመት ሊሞላው ነው። አሁን ቀጥል የሚለውን ትእዛዝ ጨምሮበታል፤ ጻፍም ከማጥፋቱ በፊት ይጠይቃል። ልጆቹ ወደውታል አሉ። እሰይ! ለእኔ ምን ይፈይድልኛል? ወንድሜ ነው፣ አልጠላውም፤ ግን እናቴን ሁለተኛ ቀበርኳት።

የቀረው የመጨረሻው ጠዋት ብቻ ነው። አባባ ያስላሉ። «አጥናፉ፣ ና እስቲ። ዛሬስ ደከመኝ፤ ይብቃን። የእስካሁኑን ለእህትህ በደንብ አስቀምጠህላታል?»

«አዎ አባባ» ይላል ወንድሜ። «አይስጉ፣ ሁሉም አለ።»