ገና ያልመጣው ፈረሴ

ስልኬ ላይ አንዱ መካሪ «የምትመኘውን ነገር እንዳገኘኸው ሆነህ ኑር፤ ይመጣል» ሲል ሰማሁ። እኔ ደግሞ በፈረስ አገር በእንጅባራ ተወልጄ አድጌ ፈረስ የሌለኝ ሰው ነኝ። ልጓም ገዛሁ። ጓሮዬ ጋጣ ሠራሁና በሩን ክፍት ተውኩት። ጧት ጧት ሣር አጭጄ ገንዳውን እሞላለሁ። ወር አለፈ። ኮቴ በሰማሁ ቁጥር ምግቤን ትቼ እወጣለሁ።

ትናንት ሁለት ሽማግሌዎች በሬን አንኳኩ። አንደኛው ግንባረ ነጭ ቦራ ፈረስ ጠፍቶባቸዋል።

«ልጄ፣ ሣር ታጭዳለህ አሉ።»

«አዎ፣ አባባ።»

«ለማን?»

«ለፈረሴ።»

«የታለ?»

«ገና አልመጣም። ግን እንደመጣ አምኛለሁ።»

ተያዩ። እኛ አገር ፈረስ ሳይኖረው ሣር የሚያጭድ ሰው ከሌባ ሌላ ምን ይባላል? መካሪውን ላሰማቸው ስልኬን ባወጣ ኔትወርክ የለም።

«እኛም ፈረሳችን እዚህ እንዳለ አምነን ነው የመጣነው» አሉ ባለፈረሱ።

«ጋጣው ባዶ ነው፤ መጥተው ይዩት!» ብዬ እየተጣደፍኩ ወደ ጓሮ ወሰድኳቸው።

አንድ ቦራ ፈረስ ገንዳዬ ላይ አቀርቅሮ ሣሬን ይበላል።

ሳላስበው አጨብጭቤ «መጣ!» አልኩ።