በጓሮ በር አልወጣም

«እህቴ፣ ሳይይዙሽ በጓሮ በር ላስወጣሽ» አለኝ፣ ዛሬ እዚህ ኩዌት፣ ማንጋፍ ሰፈር ቤቴ አጠገብ ያለው ሞል ውስጥ አንድ ሐበሻ ጥበቃ ክንዴን ይዞ።

የጠጣሁ መስሎት ነው!

ኤምኤስ የሚባል የነርቭ በሽታ አለብኝ። ትንሽ ከተራመድኩ ግራ እግሬ ይጎተታል፣ እንገዳገዳለሁ። ሙቀት ደግሞ ያብስብኛል፤ በኩዌት ፀሐይ ውጭ መራመድ የማይታሰብ ነው። ሐኪሜ በሳምንት ሦስት ቀን ተራመጂ ስላለችኝ፣ ኤሲ ባለበት ሞል ውስጥ እዞራለሁ። ዛሬ የሳምንቱ ሦስተኛ ቀኔ ነበር።

«ነርቭ ነው ያመመኝ» አልኩት።

«እሺ፣ እሺ፣ ለማንም አልናገርም» ብሎ በዓይኑ ጠቀሰኝ። ደግነቱን አያችሁልኝ!

መጠጥ በተከለከለበት አገር ሰክራለች መባል ከፖሊስ ጣቢያ አልፎ አስባርሮ ቦሌ ድረስ እንደሚያደርስ እሱም እኔም እናውቃለን። ንድድ አልኩና ፊቱ ላይ እፍ አልኩበት። የቁርሴ ነጭ ሽንኩርት ሳይደርሰው አልቀረም፣ ወደ ኋላ ሸሸ።

ይሄኔ አመነኝ። ግን ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ታዲያ ከታመምሽ ቤትሽ አትተኚም?»

መተኛቱንማ አይቼዋለሁ! ተኝቼ የከረምኩ ጊዜ የቤቴን ደረጃ መውጣት አቅቶኝ ነበር። ዛሬ ቆሜ ሥራ የምውለው ስለምራመድ ነው።

ክንዴን አስለቅቄ የቀረኝን ዙር እየተንገዳገድኩ ጨረስኩ። በዋናው በር ወጣሁ።

እናንተስ? አዝኖላችሁ በጓሮ በር ሊያስወጣችሁ የሞከረ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? ጻፉልኝ፣ ብቻዬን አልናደድ።