ከፎቶው ጠርዝ ወዲህ

ባለፈው ክረምት የእህቴ ልጅ ስትመረቅ፣ ደብረ ማርቆስ፣ ዩኒቨርሲቲው በር ላይ፣ ከአበባ ሻጩና ከእልልታው ግርግር መካከል አንዲት ቀጭን ድምፅ ለይቼ ሰማሁ። ጢት ትላለች። የካሜራ ቁልፍ በግማሽ ሲጫኑት ሌንሱ አነጣጠርኩ ብሎ የሚያሰማት ድምፅ ናት፤ ፎቶው የሚነሣው ግን ከዚያ በኋላ ቁልፉ እስከ ታች ወርዶ ካሜራው ቀጭ ሲል ነው። ቀጭታውን ጠበቅሁ፤ አልመጣም። ጓደኞቹን ሲያነሣ የነበረ አንድ ወጣት፣ «እኔንም አንዴ» ብለው እጃቸውን ከጎናቸው ለጥፈው ቀጥ ያሉትን የማያውቃቸውን የገጠር አባት ጢት አድርጎ ሸኛቸው። ሽማግሌው «እግዜር ይስጥልኝ ልጄ» ብለው ጋቢያቸውን አስተካክለው ሄዱ። ልጁን ክንዱን ይዤ ልገሥጸው አማረኝ፤ ግን በምን አፌ?

እዚያው ዩኒቨርሲቲ የሁለተኛ ዓመት የባዮሎጂ ተማሪ ሳለሁ አዲስ አበባ የሚሠራው ታላቅ ወንድሜ የጓደኛውን አሮጌ ካሜራ ላከልኝና፣ ትምህርቱን ትቼ የዱር አራዊት ፎቶ አንሺ እሆናለሁ ብዬ ተነሣሁ። የዱር አራዊቱ ግን ይህን አልሰሙም ነበር። በመጀመሪያው ወር ያነሣሁት ሁሉ ወፏ የነበረችበት ቅርንጫፍ፣ ወደ ጉድጓዱ የገባ የሽኮኮ ቂጥ፣ አልፎ አልፎም የገዛ አውራ ጣቴ ነበር፤ የመኝታ ክፍል ጓደኞቼ «የቅርንጫፍ ፎቶ አንሺ» አሉኝ። ያስተማረኝ ሔኖክ የሚባል የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነው። ጠዋት ፀሐይ ዝቅ ብላ ሳለች ማንሣትን፣ ነጭ አለመልበስን፣ እንስሳው እስኪረሳኝ ድረስ እንደ ጉቶ መቀመጥን፣ ትንፋሽን ውጦ ቁልፉን ማውረድን ከእሱ ተማርኩ። ያቺን ተንኮልም ከእሱ ተማርኩ። ባትሪዬ ያረጀ ስለነበር ሠላሳ ፎቶ ሳይሞላ ይሞታል፤ ገጠር ስንወጣ ደግሞ ካሜራ ያየ ሁሉ አንሣኝ ይላል። ሔኖክ እየሳቀ በግማሽ ተጫን አለኝ፤ ጢት ትላለች፣ ቀይ መብራቷ ብልጭ ትላለች፣ ሰውየው ደስ ብሎት ይሄዳል፣ ባትሪህም ይተርፋል።

አያ ዘለቀን ያወቅኋቸው በጠብ ነው። ከከተማው አንድ ሰዓት ተኩል በእግር ከሚያስኬድ ቀበሌ፣ ማሳቸው ዳር በሦስት እግሩ የቆመውን የካሜራ ማቆሚያ ሲያዩ መሬት ለኪ መስያቸው ዱላቸውን ይዘው መጡ። ወፍ ነው የማነሣው ብላቸው አላመኑኝም፤ ያነሣሁትን ከፍቼ ሳሳያቸው ግን ዱላቸውን ጥለው መሬት ላይ ቁጭ እስኪሉ ሳቁ። «ተማሪው፣ ይኼን ሁሉ መንገድ የመጣኸው ለእርኩም ነው?» አሉኝ።

አዎ፣ ለእርኩም ነበር። ከዶሮ በብዙ የሚተልቅ ጥቁር ወፍ ነው፤ መብረር እየቻለ በእግሩ መሄድ የሚወድ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ማሳውን እንደሚጎበኝ ባለርስት ቀስ ብሎ የሚራመድ። ክንፉን የዘረጋ እንደሆነ ግን ተሸሽጎ የኖረ ነጭ ላባ ይወጣል፤ እኔም ያንን ነጭ ለመያዝ ነበር ሁለት ወር ሙሉ የተንከራተትኩት። እርኩሙ እያየሁት ይርቀኛል፣ ስከተለው ይርቀኛል። አያ ዘለቀ ይህን ሲያዩ ከርመው አንድ ቀን፣ ወፉ የሚሸሸው የሚያደባበትን ሰው እንጂ የሚያርስን ሰው አይደለም አሉኝ። ማረሻው አፈሩን ሲገለብጥ ትል ይወጣል፤ እርኩሙም ትሉን ሊለቅም ከበሬው ኋላ ይከተላል። ስለዚህ ካሜራዬን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ፣ ከእሳቸው ጎን፣ እርፉን ከያዙበት እጃቸው አንድ ክንድ ርቄ ትልም ለትልም መመላለስ ጀመርኩ። ቅዳሜ ሰንበት ነው ብለው በሬ አይጠምዱምና ሐሙስ ሐሙስ ከክፍል እየቀረሁ እሄዳለሁ፤ የኬሚስትሪ ውጤቴ ለዚህ ምስክር ነው። እሳቸው በሬዎቹን እያባበሉ ያርሳሉ፣ እርጥብ አፈር ይሸታል፣ ጮቄ ከሩቅ ጉም ለብሶ ይታያል፣ እርኩሙም ከኋላችን ደረቱን ነፍቶ ይመጣል። በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ያለኝ ጊዜ ጥቂት ነው።

በሬው ሲፈታ እጅና ፊታቸውን ታጥበው፣ አጥር ላይ የሰቀሏትን ቡናማ ኮታቸውን ለብሰው፣ ቁልፏን እስከ አንገታቸው ቆልፈው ይቆማሉ። «በል እስቲ፣ አሁን ደግሞ እኔን።» ጢት። «ወጣሁ?» ይሉኛል። ወጥተዋል፣ አሁን ከፍቼ ባሳይዎት ባትሪው ያልቃል፣ ታጥቦ ሲመጣ አመጣልዎታለሁ እላለሁ። አንድ ሐሙስ ባለቤታቸውን እትዬ የሻረግን አስጠርተው፣ በጀርባቸው ያዘሏትን ጨቅላ ልጃቸውን ትርንጎን አስወርደው፣ ሕፃኗ ወደ ሌንሱ እንድታይ ሦስታችንም ስናጨበጭብላት ቆየንና፣ ስትስቅ ጊዜ፣ ያኔም ጢት አደረግሁ። አራት ፎቶ የሚያነሣ ባትሪ ቀርቶኝ ነበር። ለእርኩሙ አስቀመጥኩት። ፎቶዎቹ ምን ደረሱ ብለው አንድም ቀን አልተቆጡኝም፤ እንዲያውም ሚስታቸውን፣ ከተማ ማጠብ ጊዜ ይፈጃል፣ ልጁን አታስቸግሪው ይሏቸው ነበር።

ሰኔ ላይ ያ ነጭ ላባ ተገኘ። እርኩሙ ከትልሙ ተነሣ፣ ክንፉ ተከፈተ፣ እኔም ቁልፉን እስከ ታች አወረድኩ። ሥዕሉ ዳር ላይ እርፉን የጨበጠ የአያ ዘለቀ ቀኝ እጅና የፊታቸው ገጽታ በከፊል ገብቶ ነበር። ሔኖክ አየና፣ የዱር አራዊት ፎቶ ውስጥ ሰው ካለ ዋጋ የለውም፣ ቁረጠው አለኝ። ቆረጥኩት፤ የተቆረጠውንም በዋናው ላይ ደርቤ አስቀመጥኩት፤ ዋናው ጠፋ። በግቢው የፎቶ ትርኢት አንደኛ ወጣሁ፣ እርኩሜ በፍሬም ተደርጎ የቤተ መጻሕፍቱ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ፣ እኔም በዚያ በኩል ሳልፍ ሰው አየው አላየው እያልኩ እሰልል ነበር።

ክረምቱን ደጀን እናቴ ጋ ከርሜ ስመለስ፣ መስከረም ማለቂያ ላይ ጥበቃዎቹ ወፍ የሚያነሣውን ተማሪ የሚፈልጉ ሴት በር ላይ አሉ ብለው አስጠሩኝ። እትዬ የሻረግ ነበሩ፤ ጥቁር ለብሰዋል፣ ፀጉራቸው ተላጭቷል፣ ትርንጎ ጀርባቸው ላይ ተኝታለች። አያ ዘለቀ ነሐሴ ላይ አምስት ቀን ብቻ ታመው ሞቱ። ከመሐረባቸው ውስጥ የቀበሌ መታወቂያቸውን አውጥተው አሳዩኝ፤ ጉርድ ፎቶዋ በላብና በዝናብ ተልጣ፣ አንድ ጆሮና የኮት ኮሌታ ቀርቷታል። ልቅሶው ላይ ይዘን የምናለቅሰው መልክ አጣን አሉኝ።

«አርባው ደርሷል። ተማሪው ጋ ሞልቷል ብዬ መጣሁ። ሁሉንም ስጠኝ አልልህም፣ አንዷ ትበቃናለች።»

እውነቱን ብናገር ምን ይሉኝ ነበር? ይረግሙኝ፣ ወይ ዝም ብለው ይሄዱ ነበር፤ ሁለቱም ይሻለኝ ነበር። እኔ ግን ካሜራው ተበላሽቶ ፎቶዎቹን ሁሉ አጠፋቸው አልኩ። ከዚያ እሳቸው ፊት ባዶ እጄን መቆም አቅቶኝ ሮጥኩና እርኩሙን ከግድግዳው አውርጄ ሰጠኋቸው። በሁለት እጃቸው ተቀብለው ብዙ አዩት።

«እሱስ የቱ ጋ ነው?» አሉኝ።

«ከዚህ ጠርዝ ወዲህ ነበሩ» አልኩና የፍሬሙን ዳር በጣቴ ነካሁላቸው። እሳቸውም ነኩት። ከዚያ ወዲህ ካሜራ አላነሣሁም፤ አስተማሪ ሆንኩ፣ አገባሁ፣ በዚያ ቀበሌ አጠገብ ማለፍ ሲኖርብኝ መንገድ እቀይር ነበር።

ያቺን ጢት የሰማሁ ሰሞን ግን፣ ከአሥራ አራት ዓመት በኋላ፣ የምናገረውን በልቤ እየደጋገምኩ ሄድኩ። መንገዱ ጠጠር ለብሷል፣ ማሳው ባሕር ዛፍ ሆኗል፤ እርኩም ካየን ቆየን አሉኝ። እትዬ የሻረግ ዓይናቸው ደክሞ በድምፄ ነው ያወቁኝ፤ ተማሪው መጣ ብለው አለቀሱና አቀፉኝ። ሥዕሉ ከምሰሶው ላይ ተሰቅሏል። መስታወቱ ድሮ ተሰብሮ ወድቋል፤ በቀኝ በኩል የወረቀቱ ዳር እስከ ነጩ ድረስ ተፍቆ አልቋል። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው ትርንጎ፣ ስታየኝ አፍራ ሳቀች። ልጅ ሳለች እናቷ አባትሽ ከዚህ ጠርዝ ወዲህ ነው ስለሚሏት፣ ይወጣ ይሆናል እያለች በጥፍሯ ስትፍቅ አድጋ ነው።

ያዘጋጀሁትን ልናገር አፌን ስከፍት ልጅቷ ቀደመችኝ።

«መምህር፣ ያች ካሜራዎ ያጠፋችው ፎቶ ዛሬ ይመለሳል ይላሉ። ማርቆስ ከስልክም ከካሜራም የጠፋ የሚመልስ ልጅ አለ፣ ጠይቄዋለሁ። ሚሞሪዋ ብቻ ካለች ስጡኝ። እኔም አለሁበት አይደል፣ ስስቅ?»

እትዬ የሻረግ በማያዩበት ዓይናቸው ወደ እኔ ዞረው ጠበቁ። እኔም እፈልጋታለሁ አልኩ።

ሚሞሪዋን መፈለግ አላስፈለገኝም፤ ይኸው ጠረጴዛዬ ላይ ናት። አራት መቶ እርኩም አለባት፤ ሰው ግን አንድም የለባትም። ትርንጎ ከትምህርት ቤት ስትወጣ በአክስቷ ልጅ ስልክ ትደውላለች፣ አገኟት ወይ ትለኛለች፤ እኔም እየፈለግሁ ነው እላታለሁ፣ እሷም አይጨነቁ፣ ጊዜ ይፈጃል ትለኛለች።