የአባባ ቢስተም

ዛሬ አባባ መደርደሪያውን በጣታቸው እያሳዩ «ያንን አምጪ» አሉኝ። የዕቃውን ስም አልጠሩም።

ድንበር ላይ ባለችው ኮኪት ከተማ ይህን የመለዋወጫ ሱቅ የከፈቱት ሱዳን፣ ገዳሪፍ፣ ብዙ ዓመት ትራክተር ነድተው ነው። እሳቸው ዘንድ ስፔር «እስቤር»፣ ፒስተን «ቢስተም» ነው፤ እንደ ሱዳኖቹ።

ባለፈው ሳምንት ደንበኛ ፊት አረምኳቸው። ጎንደር ተምሬ የለ!

በጣት ማሳየቱ የመጣው ከዚያ ወዲህ መሆኑ ዛሬ ገባኝ። አንጀቴን በሉኝ።

ቀጥሎ ከሽንፋ የመጣ የትራክተር ሹፌር ገባ። ጮክ ብዬ «አባባ፣ ቢስተሙን የት አደረጉት?» አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝ። «ከላይ ነው ልጄ፣ ከባትሪው ጎን» አሉ። ከዚያማ የሱቁን እስቤር ሁሉ በየስሙ እየጠሩ አስወረዱኝ።

ሹፌሩ የፈለገው ዘይት ብቻ ነበር።

እናንተስ ቤት እያረማችሁ ዝም ያሰኛችሁት ሰው አለ? እስቲ ዛሬ አንድ ዕቃ እሱ በሚጠራው ስም ጥሩለትና ፊቱን እዩት። ያያችሁትን ንገሩኝ።