መከታ የወደቀ ዕለት

ባለፈው ቅዳሜ የጎረቤቴ ልጅ ሳሮን ላፍቶ ያለው የኮንዶሚኒየማችን ደረጃ ላይ ተቀምጣ ስታለቅስ አገኘኋት። ውሻዋ ጠዋት ወድቆ ተንፈራግጦ ነበር። ሐኪም አይቶት መድኃኒት ሰጥቶታል፤ ግን ቤት ከገባ ጀምሮ ግድግዳ እየገጨ ይዞራል፣ እሷንም አላወቃትም። «እትዬ ጫልቱ፣ በቃ ተበላሸ ማለት ነው?» አለችኝ። አጠገቧ ቁጭ አልኩ። ጉልበቴ ደረጃ መውጣት ቢያቅተው፣ ወሬ ላይ ግን አልታማም።

በወጣትነቴ ላፍቶ የሚበቅለው ሽምብራ እንጂ ኮንዶሚኒየም አልነበረም። እሸቱ ሲደርስ መከታ የሚባለው ውሻችን የአባቴን ማሳ ቀን ከሰው፣ ሌሊት ከጃርት ይጠብቅ ነበር። እኔ አሥራ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሰው ያለ አይመስለኝም። እውነቱን ለመናገር አሁንም ብዙ አልተለወጥኩም።

አንድ የታኅሣሥ ጠዋት፣ መንገዱ ገና በጤዛ እንደራሰ፣ እሸት እየፈለፈልኩ እበላለሁ። የሽምብራ ቅጠል ኮምጣጣ ነው፤ ከንፈር ይለበልባል፣ ግን ራስ አያስትም። መከታ አጠገቤ ዱብ አለ። እግሮቹ ተገትረው ተንቀጠቀጡ፣ አፉ አረፋ ደፈቀ።

ጩኸቴን ሰምተው ቀድመው የደረሱት የማሳ ጎረቤታችን ጋሽ ደበላ ናቸው። ደግ ሰው ነበሩ። በሰፈራችን የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ሲወድቅ ክብሪት ጭሮ ጭሱን ማስሸተት ልማድ ነበር፤ እሳቸውም ውሻ ከሰው ሳይለዩ ክብሪታቸውን ጭረው አፍንጫው ሥር ደቀኑለት። መከታ እየነቃ ነበር። ጭሱ ሲሰነፍጠው ተወርውሮ የካፖርታቸውን እጅጌ ቦጨቀው። እጃቸው ለጥቂት ተረፈ።

«አብዷል!» አሉና በትራቸውን አነሱ።

አባቴ ሲደርስ ሰፈርተኛው ድንጋይ ይዞ ቆሟል። መከታ እየተንገዳገደ አጥሩን ይገጫል። ስሙን ስጠራ አጉረመረመብኝ። ከእጄ በልቶ ያደገ ውሻ! ዛሬም ሳስበው ያመኛል።

«ይገደል» አሉ ጋሽ ደበላ። «ልጅ ያለው ሰው እብድ ውሻ አያሳድርም።»

«መጀመሪያ ውሃ እንየው» አለ አባቴ። እብድ ውሻ ውሃ ይፈራል ይባላል፤ ፍርዱ ያ ነበር። ሮጬ በትልቅ ጣሳ ውሃ አምጥቼ ራቅ አድርጌ አስቀመጥኩለት። መከታ ጣሳውን ዞር ብሎም ሳያይ አልፎት ሄደ።

«አያችሁ!» አለ ሰው ሁሉ።

«አልፈራውም፣ አላየውም!» ብዬ ጮህኩ። «አጥሩን ሲገጭ አላያችሁም እንዴ? ዓይኑ አያይም!» ከአጥሩ ረዥም እንጨት መዝዤ ውሃውን አንቦጫረቅኩት። ጆሮውን አቆመ። ድምፁን ተከትሎ መጣ፣ አፍንጫውን ነከረ፣ ከዚያ ጣሳው እስኪንኳኳ ድረስ ላሰው።

ጋሽ ደበላ በትራቸውን አወረዱ። «በል ይህቺን ልጅ ፍርድ ቤት አስገባት» አሉት አባቴን።

ዛሬ ሐኪሞቹ ውሃ መጠጣት ብቻውን ማስረጃ አይሆንም ይላሉ። አባቴም ቢሆን አላመነውም፤ ሰው በማይደርስበት ቦታ አስሮ አሰነበተው። ዓይኑ በማግስቱ ተመለሰለት። ቢበላ ቢበላ ግን አይጠግብም ነበር፤ በገመዱ ልክ ወዲያ ወዲህ ሲልም ድንገት ቆሞ ለምን እንደመጣ የረሳ ይመስላል። (እኔም አሁን ወጥ ቤት ስገባ እንዲሁ ነኝ።) ከሁሉም የዘገየው እኔን ማወቁ ነው። እያጉረመረመብኝ ምግቡን በእንጨት እገፋለታለሁ፣ ስሙን እየጠራሁ ከሩቅ እቀመጣለሁ። አንድ ቀን ከማሳ ስመለስ ገና ከሩቅ ጭራውን ቆላ። እዚያው መንገዱ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

እንደ ድሮው ግን አልሆነም። አንገቱ እስኪሞት ወደ ቀኝ እንዳዘመመ ቀረ፤ ክብሪት ሲጫር ከሰማም ከቤት ውልቅ ይላል። ማሳውን ግን እንደዚያው እንዳዘመመ ብዙ ክረምት ጠበቀልን፤ ጃርቱም ቢሆን ልዩነቱን ያወቀ አይመስለኝም።

ሳሮን ይህን ሰምታ «እና እስኪያውቀኝ ምን ላድርግ?» አለች።

«እሱ ባያውቅሽ አንቺ ታውቂው የለ? ጠጋ ሳትዪ በስሙ ጥሪው።»

ዓይኗን ጠርጋ ገባች። በሩ ገርበብ እንዳለ ነው። ስሙን ስትጠራ ሰማኋት፤ ውሻው ግን አሁንም ግድግዳ ሲገጭ ይሰማል። ደግማ ጠራችው።