የሲሳይ ዋስ

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄን መክሊትን ዩኒቨርሲቲ ልናስመዘግብ ሄድን። መኪናውን የሚነዳው አባቷ፣ የመጀመሪያ ልጄ ዳዊት ነበር። ከግቢው በር ስንደርስ ጥበቃው እጁን ዘርግቶ አስቆመን።

"መኪና አይገባም፣ ወንድሜ።"

አጥሩ ላይ ትልቅ ማስታወቂያ ተሰቅሏል። በእግር፣ በብስክሌት ወይም በአውቶብስ ይምጡ ይላል፤ መኪና የሚፈቀደው ለአቅመ ደካማ፣ አለዚያም ሰው ሞልቶ ለመጣ ብቻ ነው። ዳዊት በአገጩ ወደ እኔ አመለከተ። "እናቴን አታይም? አቅመ ደካማ ናት" አለ። ጥበቃው ጎንበስ ብሎ በመስኮቱ አየኝና "እማማ፣ መራመድ ያቅትዎታል?" ሲለኝ ሳቄ አመለጠኝ።

ባለቤቴ ሲሳይ ካረፈ ወዲህ ልጆቼ ስስቅ አልሰሙም። ዳዊት ዞሮ አፈጠጠብኝ። "ምን ያስቃል፣ እማዬ?"

"አባትህ ነው" አልኩት። አልገባውም። እኔም በዚያ የመኪና ጡሩምባ መሃል ላስረዳው አልቻልኩም። ወርጄ ከመክሊት ጋር ወደ ውስጥ ገባሁ። እነሆ አሁን እዚህ ቤት ቁጭ ብዬ ቀስ እያልኩ እጽፈዋለሁ፤ ቸኩዬ የምሄድበት የለኝም።

ያደግኩት መርካቶ፣ ሸማ ተራ ነው። አባቴን ጎረቤቱ ሁሉ ጋሽ ወልዴ ይለዋል፤ ነጠላና ጋቢ ይሸጥ ነበር። በዓል ሲቃረብ ሱቃችን ከወለል እስከ ጣሪያ ይነጣል፤ አዲስ የተሸመነ ጥጥ ደረቅ ደረቅ የሚል፣ ጉሮሮ የሚከረክር ሽታ አለው። ዛሬም አዲስ ጋቢ ስዘረጋ አባቴ ከኋላዬ የቆመ ይመስለኛል።

ኮሌጅ ስገባ ግቢው ከፒያሳ በላይ፣ ከሰፈራችን ራቅ ያለ ነበር። የከሰዓቱ ትምህርት የሚያልቀው ጀምበር ስታዘቀዝቅ ነው። ከዚያ ቁልቁል በጊዮርጊስ፣ በአትክልት ተራ አድርጎ ሲኒማ ራስ መውረድ ለአንዲት ልጃገረድ የሚታሰብ አልነበረም፤ ቢያንስ ለአባቴ። "ኪስ አውላቂው፣ ዱርዬው፣ ጋሪው! አይሆንም!" አለ። ትምህርቱ የተፈቀደልኝ በሐጂ ነስሩ ምክንያት ነው። ሐጂ እዚያው መርካቶ የጨርቅ አከፋፋይ ነበሩ፣ የአባቴ የልብ ወዳጅ። ልጃቸው ዘይነባ ከእኔ ጋር ስለምትማር ሁለታችንንም በነጯ ፔጆአቸው ያመላልሱን ጀመር።

ታዲያ እንደ ሐጂ ያለው ብዙ ነው። የነጋዴው መኪና ልጅ ሊያደርስ ይገባና፣ ፒያሳ ማቆሚያ ስለማይገኝ እዚያው ግቢ ውስጥ ይውላል። ከቤተ መጻሕፍቱ ደጃፍ እስከ ሽንት ቤቱ ድረስ መኪና ብቻ ሆነ። ሳር የነበረው ሁሉ ዘይት ጠጥቶ ጠቆረ። አንድ ቀን አንዲት ተማሪ ትንፋሽ አጥሯት ወደቀች። ሊወስዳት የመጣው መኪና ከበሩ ማለፍ አልቻለም፤ ልጆቹ በአግዳሚ ወንበር ተሸክመው በመኪኖቹ መሃል እየተሽሎከሎኩ አወጧት። ደግነቱ ተረፈች። ከወንበሩ አንዱን ጫፍ ከያዙት አንዱ ሲሳይ የሚባል ቀጭን፣ አንገቱ ረጅም ልጅ ነበር። ያኔ በመልክ እንጂ በስም አላውቀውም።

በሳምንቱ ኮሌጁ አዲስ ደንብ አወጣ። ከአራት ሰው በታች የያዘ መኪና አይገባም። በሩ ላይ ደንቡን የሚያስከብሩት ራሳቸው ተማሪዎቹ ሆኑ፤ ከእነሱም ዋናው ሲሳይ።

የመጀመሪያው ቀን ትዝ ይለኛል። ጥቅምት ነበር፤ ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ንፋሱ ቀዝቃዛ። ሐጂ ከኋላ ወንበር ላይ የጨርቅ ጣቃ እስከ መስኮቱ ቆልለው፣ እኔንና ዘይነባን ከፊት ጎናቸው አጨናንቀው መጡ።

"ሐጂ፣ ሦስት ናችሁ" አለ ሲሳይ።

"መኪናው ሙሉ ነው። አይንህን አትከፍትም?"

"ጣቃው ተማሪ ነው እንዴ፣ ሐጂ?"

በዙሪያው ያለው ሁሉ ሳቀ። ዘይነባ ሳቋን ለማፈን ሻርፗን አፏ ውስጥ ወተፈች። ሐጂ ግን ጆሯቸው ድረስ ቀሉ። "ስማ አንተ! እኔ ዲላም ሐረርም ስሄድ መንገድ የሚዘጋብኝ የለም!" አሉ። ሲሳይ ድምፁን ሳያነሳ፣ "ልጆቹ ይውረዱ፣ እርስዎ ይመለሱ። ሌላ ጊዜ አንድ ሰው ጨምረው ሲመጡ እኔው ራሴ በሩን እከፍትልዎታለሁ" አላቸው። እኔና ዘይነባ ስንወርድ ሐጂ መኪናዋን ወደ ኋላ መለሱና በመስኮት ብቅ ብለው ማሉ። "መኪናዬ ያልገባችበት ግቢ ልጄም አትገባም! ዘይነባ፣ ግቢ!"

በዚያ ምሽት አባቴ ሐጂን ሰምቶ መጣ። ራት ላይ ቀና ብሎም አላየኝም። "እንግዲህ መኪና ከሌለ ትምህርትም የለም። ሱቅ ትውያለሽ" አለ። እናቴ ልትናገር አፏን ከፈተች፤ በእጁ ዝም አሰኛት።  ሱቅ መዋል ክፉ ነገር አይደለም፤ እናቴም አክስቶቼም ውለውበታል። እኔ ግን የጀመርኩትን መጽሐፍ ከመሃል ያስጣሉኝ ያህል ነበር። ያንን ልጅ ረገምኩት። ስሙን ከዘይነባ ጠይቄ፣ በስሙ ረገምኩት።

ቅዳሜ ገበያው ሲደራ ጋቢ እያጠፍኩ ነበር። ቀና ስል ያ የረገምኩት ልጅ በደጃፉ የተሰቀሉትን ነጠላዎች በሁለት እጁ ገለጥ አድርጎ ቆሟል።

"ጤና ይስጥልኝ፣ ጋሼ። የኮሌጁ ተማሪ ነኝ። ስለ አስካለ ነው የመጣሁት፤ በመኪናው ምክንያት መቅረቷን ሰምቼ ነው።"

አስካለ እኔ ነኝ። አባቴ መነጽሩን አወለቀ። ሲሳይ ሐሳቡን ዘረገፈ፦ ወደ መርካቶ የሚወርዱት ተማሪዎች ሁሉ ከበሩ በአንድነት ይነሳሉ፤ እየተጠባበቁ በእግር ይሄዳሉ፤ እያንዳንዷ ሴት ልጅ ቤቷ ደጃፍ ድረስ ትሸኛለች። የሚመራው እሱ ነው።

"ቤትህ የት ነው?" አለ አባቴ።

"ቀበና።"

"ቀበና! ታዲያ በየት በኩል ዞረህ ነው መርካቶ የምትደርሰው?"

"መኪናውን የከለከልኩት እኔ ነኝ፣ ጋሼ። ሌላ መንገድ ማበጀትም የእኔ ነው።"

አባቴ መነጽሩን መልሶ አደረገ። ከዚያ መርካቶ ሁሉ የሚጠይቀውን ጠየቀው። "ዋስ አለህ?"

"ዋስ?"

"አዎ፣ ዋስ። ከዚህ እስከ አውቶብስ ተራ አንድ ጣቃ ለሚሸከም ወዛደር እንኳ ዋስ እጠራለሁ። ልጄን ያለ ዋስ የማሸክምህ ይመስልሃል?"

ሲሳይ ፊቱ በራ። ከኮቱ ኪስ ወረቀት አወጣ፤ ይህን ቀድሞ ያሰበበት ነው። ኮሌጁ የጻፈለት፣ ክብ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ። የቀበና ልጅ፣ የአስተማሪ ልጅ፤ ዋስ ማለት ማኅተም መስሎታል። አባቴ ወረቀቱን ሳይነካው በርቀት አየው። "ልጄ አንድ ነገር ብትሆን ይሄን ማኅተም የት ሱቅ ሄጄ ነው አንገቱን የምይዘው?" አለ። ጎረቤት ያሉት ነጋዴዎች ሁሉ ሳቁ። "ዋስ ማለት ሰው ነው። ሱቁ የሚታወቅ፣ ጠዋት ስሄድ የማገኘው ሰው።"

ሲሳይ መርካቶ ውስጥ የሚያውቀው አንድም ሰው አልነበረም። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና ወደ እኔ አየ። መጀመሪያ ደህና አድርጎ ያየኝ ያኔ ነው። የረገምኩትን ሁሉ በሆዴ መለስኩ።

ሊወጣ ሲል ሐጂ ነስሩ ደጃፉን ሞልተው ገቡ። በየቅዳሜው ከአባቴ ጋር ሻይ የመጠጣት ልማድ ነበራቸው። ሲሳይን ሲያዩ ቆሙ።

"ይሄ ልጅ እዚህ ምን ይሠራል? ሱቅህንም ሊዘጋ ነው?"

"ዋስ አጥቶ ነው" አለ አባቴ፤ ነገሩን ሁሉ ነገራቸው። ሐጂ ጢማቸውን እያሻሹ ሰሙ። በርጩማው ላይ ተቀመጡና ሲሳይን ከእግር እስከ ራሱ አዩት።

"እኔ እሆነዋለሁ" አሉ።

"ያንተን መኪና ላባረረው?"

"እሱን ነው የምልህ። ወልዴ፣ በሕይወቴ ስንት ቦታ ጭኜ አልፌአለሁ። የሚቆጣው ተቆጥቶ፣ የሚስቀው ስቆ ያሳልፈኛል። ይሄ ብቻ አላሳለፈኝም። እኔን ያላሳለፈ፣ በልጆቻችን በኩል ማንን ያሳልፋል?" ከዚያ ወደ ሲሳይ ዞሩ። "ግን ዘይነባንም ትጨምራለህ። እና ስማ፣ አንዲቷ ብትጎድል ቀበና ድረስ እመጣልሃለሁ። በእግሬ!"

እንዲህ ሆኖ ትምህርቴ ተመለሰልኝ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ መንገድ ነው። መጀመሪያ ጥቂት ነበርን፤ እየቆየ ወደ አማኑኤል የሚሄዱት፣ ወደ ጎጃም በረንዳ የሚሄዱት ሁሉ ተቀላቀሉን። ጊዮርጊስ ጋ ስንደርስ ሳንቲም አዋጥተን ዘይነባ ሳምቡሳ ትገዛለች። አትክልት ተራ የወደቀ የጎመን ቅጠል እግር ያንሸራትታል፤ የበሰለ ሙዝና የእርጥብ ጆንያ ሽታ እስከ ሲኒማ ራስ ይከተለናል። በክረምት ጃንጥላ ለሁለት፣ ለሦስት እንካፈላለን። የበቆሎ ጥብሱ ጢስ ከዝናቡ ጋር ይደባለቃል፤ በቆሎው በእጅ ሲይዙት ያቃጥላል፣ እንደ ዛሬው ልጆች ጓንት የለንም፣ በነጠላ ጫፍ ነው። ሲሳይ ሁልጊዜ ከኋላ ነበር። ዘይነባም ሳትዞር ትጮህበታለች።

"ሲሳይ! ቀበና በዚህ በኩል ነው እንዴ?"

"ዙሪያ ጥምጥም ሄዶ ይገባል!"

"ዙሪያ ጥምጥሙስ ገብቶናል! አስካለ ጋ ሲደርስ ለምን እንደሚዘገይ ነው ያልገባን!"

ግቢውም ቀስ በቀስ ባዶ ሆነ። በጠቆረው መሬት ላይ ዳግም ሳር በቀለ፤ ወንዶቹ ኳስ ተጫወቱበት፣ እኛ ተቀምጠን አጠናንበት። ዛሬ የመክሊት ዩኒቨርሲቲ እንደ አዲስ ነገር የለጠፈውን እኛ በእግራችን ሠርተነው ነበር። ለከተማው ብለን ግን አይደለም። እኔ ለትምህርቴ ብዬ ነው፤ ኋላ ላይ ደግሞ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከኋላዬ ለሚሰማኝ ኮቴ ብዬ።

ስንጋባ ሐጂ ነስሩ ከድንኳኑ መሃል ተነሥተው ለአባቴ ጮሁ። "ወልዴ! አሁንስ ዋስትናዬ ወረደ?" አባቴ ጠጁን እንደያዘ፣ "ኧረ አይወርድም! ቤቷ መች ደረሰች? ገና አሁን መነሣቷ ነው!" አለ። ድንኳኑ በሳቅ ተናወጠ። ሁለቱም ሽማግሌዎች ዛሬ የሉም።

ለሲሳይ ልቅሶ ዘይነባ መጣች። እሷም ፀጉሯ ነጥቷል፣ ጉልበቷን ያማታል። እጄን በሁለት እጇ ይዛ፣ "አባቴ ቢኖር ዛሬ ዋስትናዬ ወረደ ይል ነበር። ሲሳይ ቤትሽ አደረሰሽ እኮ፣ አስካለ" አለችኝ። ልታጽናናኝ ነው፤ ራሴን ነቀነቅኩላት።

ከመክሊት ምዝገባ በኋላ ዳዊት መኪናውን ይዞ ሊወስደኝ ደወለ። በእግሬ እመጣለሁ አልኩት። ብዙ ተከራከረ፤ አልሰማሁትም። በድሮው መንገዳችን፣ ከፒያሳ ቁልቁል ወደ ቤቴ ብቻዬን ወረድኩ፤ ደከመኝ እንጂ አላቃተኝም። ሰው ቀድሞኝ ያልፋል፣ ሚኒባሱ ይጮሃል፣ ከኋላዬ የሚሰማኝ ኮቴ ሁሉ የሌላ ሰው ነው። ቤቴ ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ለዘይነባ ያልነገርኳት ያኔ ወደ አፌ መጣ። አላደረሰኝም። ይኸው ቤቴ ውስጥ ቁጭ ብዬ እንኳ መንገድ ላይ ነኝ።