ከሐዘን ቤት ያልወጣው ቁም መስታወት

አባቴ በሞተ ጊዜ የዕድር ሰዎች ሳሎናችንን በግማሽ ሰዓት ባዶ አደረጉት። ሶፋው ወጣ፤ ቴሌቪዥኑ ወጣ፤ ፍራሽ ተነጠፈ። ቁም መስታወቱ ግን አልወጣም። እናቴ ከአራዳ ገዝታ ስታመጣው እንዳይወድቅ ብላ አናጢውን ዐሥራ ሁለት ብሎን አስመትታዋለች።

ከማክሰኝት የመጡት የአባቴ ታላቅ ወንድም ገና በሩን ሲያልፉ ራሳቸውን አዩበትና ተቆጡ።

«ምነው ይህን አታነሡትም? ሐዘን ቤት መስታወት ምን ይሠራል?»

«አያ፣ እሱን ካነሣን ግድግዳውም ይከተላል» አላቸው የዕድሩ ሰብሳቢ።

እንሸፍነው ተባለ። አንሶላው አጠረ። በመጨረሻ አጎቴ ጋቢያቸውን አውልቀው ሰጡ። ጋቢው ከባድ ስለሆነ ከላይ በምስማር ቢያዝም በየሰዓቱ ይንሸራተታል። በወረደ ቁጥር ለቀስተኛው ሁሉ ዓይኑን ወደዚያ ይጥላል። «ወንድሜን! ወንድሜን!» እያሉ ደረታቸውን የሚደቁ አንዲት ዘመዳችን እግረ መንገዳቸውን ሻሻቸውን አስተካከሉ። አልፈርድባቸውም፤ እኔም ፀጉሬን አይቼበታለሁ።

እኔን ያስጨነቀኝ የእናቴ ነገር ነበር። አላለቀሰችም። ሁለት ቀን ሙሉ እንግዳ ስታስተናግድ ዋለች፦ «ለእሳቸው ውኃ ስጧቸው»፣ «እዚያ ጋ ብርድ ነው፣ ወደዚህ ይጠጉ»። ሴቶቹ መንሾካሾክ ጀመሩ። አንዷ «እንባዋ ደርቆ ነው» ስትል ሌላዋ «መቼ ነበራትና!» አለች። ሰማኋት፤ ጠላኋትም። ደግሞም ፈራሁ። ሰው ሁሉ ሲበተን ብቻዋን ትሰበርብኛለች ብዬ ፈራሁ።

በሰልስቱ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን እናቴ እንደ ልማዷ ሰው ስታስቀምጥ ጋቢው ጭራሽ ወደቀ። ልታነሣው ጎንበስ አለች። ቀና ስትል ከራስ ፀጉሯ እስከ እግር ጥፍሯ ራሷን አየች። ጥቁር ቀሚስ ለብሳለች፤ ነጠላዋን አዘቅዝቃለች። ለቅሶ ልትደርሳት የመጣችላትን ሴት የምታይ ይመስል ቆማ አየቻት።

«ለካ ባሏ የሞተባት እኔ ነኝ» አለች።

ጋቢውን ለአጎቴ አቀበለቻቸውና ፍራሹ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ድምፅዋ እስከ ድንኳኑ ተሰማ። እኔም ሄጄ አጠገቧ ተቀመጥሁ። እንድታለቅስ ሁለት ቀን በልቤ ስለምን የነበርሁት እኔ ነኝ፤ ስታለቅስ ግን አባቴ የእውነት መሞቱ ገባኝ።